አሥራ ዘጠነኛው ዕቃ

በእኛ ፎቅ ደረጃ ላይ አንድ ሰሌዳ አለ። «በዚህ ፎቅ ሐዘንተኛ አለ። ከሳቅ፣ ከሙዚቃና ከእልልታ ይቆጠቡ» ይላል። ከሥሩ የመዝገብ ቁጥርና ጥቆማ የሚደርስበት ስልክ ተጽፏል። ከተለጠፈ ሦስት ዓመት ሞላው። በፎቁ ላይ ከነበርነው አራት ቤተሰቦች ሁለቱ ቤት ቀይረው ሄደዋል። አንደኛው ልጅ ሊድር ስለነበረ ነው፤ የሌላኛው አባወራ ደግሞ ከተፈጥሮው ሳቁ ከፍ ያለ ሰው ነው፣ ምን ያድርግ። የቀረነው እኔና ሶሊያና ነን።

እኔ ረድኤት እባላለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ አንድ ነው፣ ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ አዋጁን በአዋጅ ቋንቋ አላስረዳችሁም፤ በጎረቤት ዓይን ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

የሶሊያና ልጅ ዮፍታሔ የተገደለው በ2055 ዓ.ም. በጥር ነው፣ በሃያ ሦስት ዓመቱ። የባትሪ መሙያ ሰልፍ ላይ ከብሎክ ሠላሳ ስምንት ልጅ ከአቤኔዘር ጋር ተራዬ ነው፣ ተራዬ ነው ተባባሉ። አቤኔዘር በእጁ በያዘው ካቻቢቴ አንድ ጊዜ ወጋው። አንድ ጊዜ በቃ። ሁለቱም እዚሁ ግቢ ውስጥ ኳስ ሲራገጡ ያደጉ ናቸው፤ የመኝታ ቤቴን መስኮት በየተራ ሰብረውብኛል።

ድሮ የሟች ቤተሰብ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ በረንዳ ላይ ውሎ ይመለስ ነበር። ቀጠሮው መለወጡን የሚነግረው የለም። ገዳዩ መፈታቱን የሚያውቀው ገበያ መሀል ሲያገኘው ነው። ሕዝቡ በዚህ ተማርሮ ጮኸ። እኔም ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ «የሟች ቤተሰብ ይሰማ!» የሚል ካርቶን ይዤ ሰልፍ ወጥቻለሁ። ተሰማን። ችግሩ፣ ከዚያ ወዲህ መስማት አላቆሙም።

ሶሊያና በግራ እጇ አንጓ ላይ የምታስራት አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ሰሚ እንላታለን። በየሦስት ወሩ ባለሙያ ይመጣና ለሦስት ሰዓት አብሯት ተቀምጦ ሐዘኗን ይለካል። ስልሳና ከዚያ በላይ ከሆነ አቤኔዘር እስር ቤት ይቆያል። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከስልሳ በታች ከወረደ፣ ቤተሰቡ ተጽናንቷል ተብሎ ይፈታል። በመሀል የሳቀችው ሳቅ ደግሞ ሰሚ ላይ ይመዘገብና ከልኩ ይቀነሳል። ይኸው ነው። ይህን ለመረዳት ስምንተኛ ክፍል በደንብ ይበቃል።

እኔ ግን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። ልጁ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩትን አደረግኩ። ሐዘንተኛ ዝም ተብሎ አይተውም ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ የእድራችን ዳኛ ከደጃፍ ጫማ አሳስቶ ሁለት የግራ ጫማ አድርጎ መሄዱን፣ ማታውን ሙሉ «እግሬ በሐዘን አበጠ» እያለ ሚስቱን ሲያሳሽ ማደሩን ነገርኳት። ሶሊያና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እንደሳቀች አለቀሰች። እኔም ደግ ሥራ ሠራሁ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣልኝ። «ያልተፈቀደ ማጽናናት፣ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ።» ከሶሊያና ልክ ላይ አራት ነጥብ ተቀንሷል። ሁለተኛ ብደግመው ከፎቁ እነሣለሁ። ደብዳቤውን ለዳኛው ሳሳየው፣ «የጫማውን ነገር ፍርድ ቤት ነገርሽው?» ብሎ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል።

ድንኳኑም አልፈረሰም። ድንኳን ከፈረሰ ሐዘኑ ወጣ ማለት ስለሆነ መዝገቡ እስኪዘጋ መቆም አለበት። ጣሪያውን ሁለት ክረምት ጠግነነዋል። እድሩ ለሌላ ሟች ድንኳን የሚከራየው ከሌላ ሰፈር ነው።

ሶሊያና ጠዋት ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተነሥታ ልክ ትሠራለች። እንደዚያ ነው የምንለው፣ ልክ መሥራት። ሳሎኗ ውስጥ ቢጫ ቁጥር የተለጠፈባቸው አሥራ ሰባት የዮፍታሔ ዕቃዎች አሉ። አንድ ቁጥር ጫማው ነው። ስድስት ቁጥር የጥርስ ብሩሹ። አሥራ አንድ ቁጥር ድምፁ ነው፤ በሞተበት ቀን ከሰዓት በኋላ የላከላት። «እማ፣ ዳቦ ልያዝ?» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። ዕቃዎቹን በየተራ እያነሣች ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለች፤ ከዚያ ፊቷን ታጥባ ሥራ ትሄዳለች። የምትሠራው ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው።

ባለፈው ግንቦት፣ ልኳ ሃምሳ ስምንት በወጣ ማግሥት፣ በረንዳችን ላይ ልብስ እያሰጣን አንድ ነገር ነገረችኝ።

«ረዲ፣ አሥራ አንድ ቁጥር አለቀብኝ።»

«እንዴት አለቀ? ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። ሺህ ጊዜ ሰማሁት። አሁን እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ሆነብኝ። ዳቦ ልያዝ ሲለኝ፣ አትያዝ፣ አለ እላለሁ በሆዴ። የልጄን ድምፅ እኮ ነው።»

የማውቀው መድኃኒት ቀልድ ነው፣ እሱም ክልክል ነው። ልብስ መቆንጠጫ አቀበልኳት።

ቀጣዩ ልክ ሃምሳ አምስት ሆነ። ሦስተኛው ኅዳር ላይ ነበር። ሶሊያና በቀን ሁለቴ ልክ መሥራት ጀመረች። ሲደክማት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አያለሁ። «ተጽናንቻለሁ» የሚል ቅጽ ነው፤ ባለሙያው በመጣ ቁጥር ትቶላት ይሄዳል። አንድ የአውራ ጣት አሻራ ነው የሚፈልገው። ካተመች ሰሚ ትፈታለች፣ ድንኳኑ ይፈርሳል፣ አቤኔዘርም ይወጣል።

«ብታትሚበትስ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ባትምበት ነገ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ይቀድመኛል» አለች። «ተራዬ ነው ልበለው?»

የአቤኔዘር እናት ማርኮን ከእኛ ፊት ለፊት ነው ያለችው፤ መስኮቷ ከሶሊያና መስኮት ይተያያል። ልኩ በተያዘ ደቂቃ ቁጥሩ ለእሷም ስልክ ይደርሳታል፤ ሕጉ ለሁለቱም ወገን እኩል ነው። ከሶሊያና ጋር መነጋገር አይፈቀድላትም። በዚያው ኅዳር መጀመሪያ እኔን ድንኳኑ ጥግ ጠብቃ ያዘችኝ። ከስታለች።

«ረድኤትዬ፣ አንዴ ስሚኝ። አልቆይም።»

«ካሜራው ያየናል፣ ማርኮን።»

«ይየን። አንቺ ሰው ማሳቅ ትችያለሽ። እኔንም ስንት ጊዜ አስቀሽኛል።» እጄን ያዘችው። «አንድ ጊዜ ብቻ አስቂያት። ክፉ ነገር አይደለም የምለምንሽ። ሳቅ ነው።»

«በሽማግሌ ለምን አትሞክሪም?»

«ሽማግሌ ልኬ ነበር። ማስረጃ ማበላሸት ነው ተብለው ተመለሱ። ይቅር በለኝ ማለት እንኳ በቁጥር ሆነ።» ዓይኗን ወደ አራተኛ ፎቅ አነሣች። «እኔ ጠዋት ስነሣ ምን እንደምጸልይ ታውቂያለሽ? ያቺ ሴት ልጇን እንድትረሳው። እንዲህ ያለ ጸሎት ምን ዓይነት ሰው ይጸልያል?»

እጄን ቀስ ብዬ አስለቀቅኩ። ለሶሊያና አልነገርኳትም። ብነግራት ማዘኗ አይቀርም ነበር፤ ግን ለማን እንደምታዝን እርግጠኛ አልነበርኩም፣ ሰሚም ይህን አትለይም።

በዚህ መሀል የሶሊያና ሴት ልጅ ሄራን ነፍሰ ጡር ናት፣ መውለጃዋ ደርሷል። በእኛ ደንብ የበኩር ልጇን የምትወልድ ሴት እናቷ ቤት ትመጣለች፣ እናት ታርሳለች። ሄራን ግን ባሏ ቤት ቀረች። ሐዘንተኛ ያለበት ፎቅ ላይ አራስ ማስገባት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ሶሊያና አልፈለገችም።

«ደስ እንዳይለኝ ነው የምጠነቀቀው» አለችኝ። እንደ ጉንፋን ነበር የተናገረችው።

ሄራን የወለደችው ሰኞ ነው። የልኩ ቀን አርብ ነበር። ስልኩ ሲመጣ እኔ ሶሊያና ቤት ነበርኩ። «ወንድ ነው!» ሲል የሄራን ባል፣ እኔ ሞኟ ብድግ ብዬ «እል…» አልኩና ሰሌዳው ትዝ ብሎኝ ዋጥኩት። የተዋጠ እልልታ ጉሮሮ ውስጥ እንዴት እንደሚተናነቅ ለማያውቅ አይነገርም። ሳል አስመስዬ ጨረስኩት።

ሶሊያና የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቆማለች። ዓይኗ ተከፍቷል።

«ወንድ ነው?» አለች።

«ወንድ ነው።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እሺ» አለችና ሄዳ አንድ ቁጥር ፊት ተቀመጠች። ጫማውን ጭኗ ላይ አድርጋ ማሰሪያውን ታስራለች፣ ትፈታለች።

በማግሥቱ ገንፎውን ሄጄ ያገነፋሁት እኔ ነኝ። ጓጉሎብኝ፣ ሄራን በማንኪያ ጉብታውን እየነካካች፣ «እትዬ ረድኤት፣ ይሄ ገንፎ ነው ወይስ ጠጠር?» አለችኝና ሳቅን፤ እዚያ ሰሌዳ የለም። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «እማዬ ልጄን ሳታየው ነው የሚያድገው?» አለች።

ያን ጊዜ ነው አሳቡ የመጣልኝ፤ ከእኔ ነው፣ በሌላ ሰው አላሳብብም። ልኩ የሚያልቀው አርብ ስድስት ሰዓት ነው። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ልጁን ይዤ ብገባስ? ሰሚ ከዚያ በኋላ የምትቆጥረው ሳቅ ብቻ ነው። ሳትስቅ ታየዋለች። በአምስት ቀኑ ልጅ ከቤት እንደማይወጣ አውቃለሁ፣ ግን በታክሲ ሁለት ፌርማታ ነው። ሄራንም ባሏም እሺ አሉ። ለሶሊያናም ነገርኳት።

«ከተለካሁ በኋላ?»

«ከተለካሽ በኋላ።»

«ፈገግታ ይቆጠራል እንዴ?»

«ፈገግታ እንደ ሁኔታው ነው ይላሉ። ከንፈርሽን ንከሺ።»

አርብ ሄራን ቤት ስደርስ አጥብታው እንቅልፍ ጥሏታል። ልጁ የተጠቀለለው ከሱቅ በመጣ፣ ሲነኩት በሚንጫጫ አዲስ ብርድ ልብስ ነው። ለጨቅላ አዲስ ጨርቅ አይሆንም፤ አሮጌ፣ የለሰለሰ፣ የቤተሰብ ገላ ያለበት ጋቢ ነው የሚሻለው። ይህን ያላወቀ የእኛ ሰፈር ሴት የለም። ቁም ሳጥኑ ላይ ብንጠራራ፣ በትራስ ልብስ ውስጥ የታሸገ አንድ አሮጌ ጋቢ አገኘሁ። ለምን እንደታሸገ አልጠየቅኩም። ልጁን ጠቀለልኩትና ወጣሁ።

ያላወቅኩት ነገር፣ በዚያ ጠዋት ሊፍታችን ተበላሽቶ ነበር። ባለሙያው ባስሊኤል መሣሪያውን ተሸክሞ አራት ፎቅ በደረጃ አልወጣም ብሎ፣ እስኪጠገን አንድ ሰዓት ጠብቋል። እኔ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት ልኩ ገና አላለቀም።

ሶሊያና ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ደርቋል። ባስሊኤል ትሑት ልጅ ነው፣ ሁሉንም «እናቴ» ነው የሚለው። አሥራ አንድ ቁጥርን እየደጋገመ ያሰማታል። «እማ፣ ዳቦ ልያዝ? እማ፣ ዳቦ ልያዝ?» መሣሪያው ላይ አርባ ዘጠኝ ይላል።

«ማን አስገባዎት እናቴ?» ብሎ ተነሣ።

እኔ ወደ ኋላ ልመለስ ስል ሶሊያና ደርሳብኛለች። ልጁን ከእጄ ወሰደችው። ፊቱን ገልጣ ልታይ ጎንበስ አለች፤ ፊቱ ጋ ሳትደርስ ቆመች። ጋቢውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?» አለችኝ። በጣም ቀስ ብላ።

ከዚያ የወጣውን ድምፅ በሦስት ዓመት ውስጥ ሰምቼው አላውቅም። በቀብሩም ቀን አልሰማሁትም። ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ልጁን እንዳቀፈች ፊቷን ጋቢው ውስጥ ቀበረች። ልጁም ነቅቶ አብሯት አለቀሰ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጥሩን አያለሁ። ስልሳ ሦስት። ሰባ ስምንት። ዘጠና አንድ ላይ ሲደርስ መሣሪያው ጮኸና ቆመ።

«እናቴ!» አለ ባስሊኤል፣ ፈተና እንዳለፈ ልጅ ፊቱ በርቶ። «ዘጠና አንድ!»

ወዲያው ከመስኮቱ ባሻገር ከብሎክ ሠላሳ ስምንት ጩኸት ተሰማ። ሰው የሞተበት ቤት ጩኸት ነበር። ቁጥሩ ለማርኮን ደርሷታል።

ባስሊኤል ውኃ አጠጣን። ከዚያ የዕቃዎቹን ዝርዝር አወጣ። «ይህ ጋቢ እዚህ ላይ የለም» አለ።

«የልጅ መጠቅለያ ነው፣ ከሱቅ ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ።

ሶሊያና ራሷን ነቀነቀች። «የዮፍታሔ ነው» አለች። «ዕቃውን ስትመዘግቡ ሄራን ቤት ደበቅኩት። አንድ ነገር ለራሴ ይቅር ብዬ።» ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በተሻለኝ። «እሷ ጋ ስሄድ እያወጣሁ አሸተው ነበር፣ ረዲ። አላለቅስበትም ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።»

ልጅ እግሩ ባስሊኤል ከልቡ አዘነ። ማዘኑን አየሁት። ከዚያ ከቦርሳው ሁለት ቢጫ ቁጥር አወጣ።

«አሥራ ስምንት፣ ጋቢ» እያለ ጻፈ። «አይታጠብም፤ ሽታው ስለሚሄድ።»

«ሁለተኛው ምንድን ነው?» አልኩት።

«ልኩ የጨመረው ከጋቢው ይሁን ከሕፃኑ መለየት አልተቻለም፣ እናቴ። ስለዚህ ሁለቱም ይመዘገባሉ። አሥራ ዘጠኝ፣ ሕፃን፣ ወንድ።» ቁጥሩን ልጁ ላይ አልለጠፈም፣ እውነቱን ልናገር፤ ወረቀቱ ላይ ነው የለጠፈው። «ከልክ ቀን ውጭ አይተያዩም። እንደ አሥራ አንድ ቁጥር በልማድ እንዳያልቅ ነው። ለእናንተው ብለን ነው።»

«በዓመት አራት ቀን?» አለች ሶሊያና።

«በዓመት አራት ቀን። እምቢ ማለትም ይችላሉ።» ተጽናንቻለሁ የሚለውን ቅጽ ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

ሶሊያና ቅጹን አየች። በመስኮቱ ብሎክ ሠላሳ ስምንትን አየች። ልጁን አየች፣ ረዥም ጊዜ፣ እንደሚያጠኑት ነገር። ከዚያ አቀበለችኝ። አውራ ጣቷን በቅጹ ሳይሆን በዝርዝሩ ላይ ከአሥራ ዘጠኝ ጎን አተመች።

እኔም ፈረምኩ። ዕቃውን ያመጣው ሰው አመላላሽ ሆኖ ይመዘገባል። በምላሹ የድሮው ማስጠንቀቂያዬ ተሠረዘልኝ። ደብዳቤው ላይ «ስላደረጉት ትብብር» ይላል።

ክርስትናው በአርባ ቀኑ ሆነ። አያቱ አልነበረችም፤ የልክ ቀን አልነበረም። ስሙን እንድታወጣ ሄራን በእኔ በኩል ጠይቃት ነበር። «ዝርዝሩ ላይ ስም የለውም፣ አንቺ አውጪለት» ብላ መለሰችልኝ።

ትናንት የየካቲት ልክ ነበር። ልጁ ሦስት ወሩ ነው፣ ወፍሯል። እኔን ሲያይ ይስቃል። የኔን ፊት አይቶ ያልሳቀ ሰው ጥቂት ነው፣ አልፈርድበትም። ደረጃው ላይ፣ ሰሌዳው ሥር ቆሜ፣ «እዚህ ቤት አይሳቅም፣ ሰማህ?» አልኩት። ያልታጠበው ጋቢ ውስጥ ሆኖ ድዱን አሳየኝ።

ስገባ ሶሊያና ወንበሯ ላይ ነበረች። እጇን ዘረጋች። ባስሊኤል፣ «ትንሽ ይቆዩ፣ መሣሪያው ይነሣ» አለኝ። በሩ ጋ ቆምኩ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፣ ፊቱ በሙሉ ተከፈተ። ድምፅ ሊያወጣ ነው። ቀስ ብዬ ፊቱን ወደ ደረቴ አዞርኩት፣ ጋቢውን አናቱ ላይ ሳብኩት። ሳቁን እዚሁ ደረቴ ላይ፣ በልብሴ በኩል ሰማሁት፤ ይሞቃል።

«ምን እያደረገ ነው?» አለች ሶሊያና አንገቷን አስግጋ።

ባስሊኤል ከመሣሪያው ላይ ቀና አለ። እሱም አየኝ።

«ተኝቷል» አልኳት።